«ምንም መድኃኒት አልወስድም» አልኩ



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ነው። ዛሬ ግን ስለ ከንፈሬ ልጽፍ ነው።

በታችኛው ከንፈሬ ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ አንዲት ጠቆር ያለች ምልክት አለች። ሽምብራ ታህላለች። ሊፕስቲክ ስቀባ አትታይም። ምን እንደሆነች ለማወቅ ግን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ያህል የቆየሁት ነገሩ ከባድ ስለሆነ አይደለም። አንድ ቀላል ጥያቄ ተጠይቄ የተሳሳተ መልስ ስለሰጠሁ ነው።

ሦስት ጊዜ፣ አንድ ቦታ

የማስተርስ ትምህርቴን የተማርኩት ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ነው። አንድ ቀን፣ በፈተና ሰሞን፣ ጥርሴን አመመኝ። መድኃኒት ቤት ሄጄ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ ገዛሁ። አንድ ኪኒን ውጬ ማጥናቴን ቀጠልኩ። ማታ ላይ ከንፈሬን ያቃጥለኝ ጀመር። ጠዋት ስነሳ አብጦ፣ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ፣ መሃሉ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት።

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ገና እንዳየችኝ ፈረደች።

«ምች ነው የመታሽ! ምን በልተሽ ነው ፀሐይ ላይ የወጣሽው?»

ምችን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አገር ቤት ሰው በልቶ ወይም ከእንቅልፉ ተነስቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከወጣ ምች ይመታዋል ይባላል። ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩ ላይም ይወጣበታል። መድኃኒቱ ዳማከሴ የሚባል ቅጠል ነው። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። እኔ ግን ሙኒክ ውስጥ ዳማከሴ ከየት ላምጣ? ቫዝሊን ቀባሁና ተውኩት። በአሥር ቀን ውስጥ ዳነ። ጥቁር ምልክቱ ብቻ ቀረ።

ትምህርቴን ጨርሼ ለሥራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜሪላንድ መጣሁ። በመጀመሪያው ክረምት ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝ። ለጉንፋንና ለአፍንጫ መታፈን የሚሆን ኪኒን ገዝቼ ወሰድኩ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያችው ቦታ ተነሳች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው አክስቴ በረንዳዋ ላይ ዳማከሴ ተክላለች። በእጇ አሽታ ቀባችኝ። በሳምንቱ ስድን «አየሽ?» አለችኝ።

ሦስተኛው ጊዜ የመጣው የአጎቴ ልጅ ሊያገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ሚዜ ነኝ፤ ከንፈሬ አብጧል። ሮጬ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ አየኝና የከንፈር ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«አሁን የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ምንም መድኃኒት አልወስድም» አልኩ።

ይህን ስል ቦርሳዬ ውስጥ የኪኒን ብልቃጥ ነበር። ሕመም እያስታገሰ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ማታ ማታ የሚወሰድ ኪኒን ነው። ከሁለት ቀን በፊት ወስጄዋለሁ። መዋሸቴ አልነበረም። ለእኔ መድኃኒት ማለት ሐኪም የጻፈው፣ ፋርማሲስት ስሜን ጠርቶ የሚሰጠኝ ነገር ነበር። ከሱቅ፣ ከሳሙናና ከሻምፖ አጠገብ አንስቼ የገዛሁት ኪኒን ከቁጥር አይገባም ብዬ ነው።

ሐኪሙ በነገርኩት መሠረት የቫይረስ ቅባት አዘዘልኝ። እሱንም ቀባሁ፤ ዳንኩም።

እንግዲህ ቫዝሊኑም አዳነኝ፣ ዳማከሴውም አዳነኝ፣ ቅባቱም አዳነኝ። በእኛ ሙያ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ኮምፒውተር ሲያስቸግር አጥፍተን እናበራዋለን። ሲሠራ «ተስተካከለ» እንላለን። ምክንያቱ ግን ውስጡ ቁጭ ብሏል። የእኔም ቁስል ብተወውም ባልተወውም በራሱ ጊዜ የሚድን ነበር። ስለዚህ የነካው ሁሉ ምስጋናውን ወሰደ።

እናቴ ያየችው

ከሠርጉ በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ከእናቴ ጋር እየተጫወትን ሳለ ድንገት እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ምች የሚመጣው ሲያምሽ ብቻ ነው እንዴ? ያኔ ጥርስሽን፣ አምና ጉንፋን፣ አሁን ደግሞ ራስሽን። ለመሆኑ ሲያምሽ ምን ትወስጃለሽ?»

ዝም አልኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ የፕሮግራም ስህተት ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። ስህተት ሲያጋጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከመከሰቱ በፊት ምን ተደረገ?» ብለን ነው። እናቴ ኮድ ጽፋ አታውቅም፤ ጥያቄውን ግን ከእኔ ቀድማ ጠየቀችው።

ያን ማታ ስልኬን ከፈትኩ። የከንፈሬ ሦስት ፎቶዎች ከነቀናቸው አሉ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ቦታው አንድ ነው፤ ክቡም አንድ ነው። ከዚያ የኪኒኖቹን ካርቶኖች ፈለግኩ። ሁለቱን አገኘኋቸው፤ የጀርመኑን ስሙን አስታውሼ ኢንተርኔት ላይ አየሁት። አንዱ የጥርስ፣ አንዱ የጉንፋን፣ አንዱ የእንቅልፍ ነው። ስማቸው፣ ቀለማቸው፣ አገራቸው ይለያያል። የሦስቱም ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ግን አንድ ቃል ነበር፦ ኢቡፕሮፌን።

አንድ ነገር፣ ብዙ ስም

አንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንደኛው ፋብሪካው የሚያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ አድቪል ወይም ሞትሪን የሚባለው፣ አውሮፓ ውስጥ ኑሮፌን የሚባለው፣ አገር ቤትና በዐረብ አገሮች ብሩፌን የሚባለው ሁሉ ኢቡፕሮፌን ነው። እንደዚሁም ታይሌኖልና ፓናዶል አንድ ናቸው። አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን፣ አብዛኛው ሌላ ዓለም ፓራሲታሞል ይለዋል።

የጉንፋንና የእንቅልፍ ኪኒኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ንጥረ ነገር ይደባልቃሉ። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው የሚጣላውን ነገር በሌላ ስም ይወስዳል።

ንጥረ ነገሩን የት ታገኙታላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ በሚሸጥ መድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው የመረጃ ሠንጠረዥ ሲጀምር ይጽፈዋል። «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚለውን ፈልጉ። ጀርመን ያላችሁ «ቪርክሽቶፍ» የሚለውን ፈልጉ። በዐረብ አገሮች ያላችሁ «አል ማዳ አል ፈዓላ» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሟ ምን አለችኝ?

ፎቶዎቹንና ካርቶኖቹን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀኖቹን አይታ ብዙም አልቆየችም። «ፊክስድ ድራግ ኢራፕሽን ይባላል» አለችኝ። በአማርኛ «ቦታውን የማይለቅ የመድኃኒት ሽፍታ» ልንለው እንችላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳችን ውስጥ ሰውነታችንን የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። አንዳንዶቹ ያለፈውን አይረሱም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሲጣላኝ እነዚህ ሴሎች ከንፈሬ ላይ ሰፈሩ፤ ከዚያ በኋላም ቦታቸውን አልለቀቁም። ኪኒኑን በዋጥኩ ቁጥር ደሜ መድኃኒቱን ወደ መላ ሰውነቴ ያደርሰዋል፤ የሚነሱት ግን እዚያች ቦታ የተቀመጡት ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳሉ። ለዚህ ነው ቦታውም አንድ፣ ክቡም አንድ የሆነው።

የከንፈር ቫይረስም ወደ ነበረበት አካባቢ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም በዓይኑ ብቻ አይቶ መለየት ይከብደው ነበር። የሚለየው መልሱ ውስጥ ነበር፤ መልሱን ደግሞ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ሽፍታው አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሉዊ ብሮክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ስም ሰጥቶታል። ያኔ ያመጣው የነበረው አንቲፒሪን የሚባል የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ ነው። ዛሬ ከሚያመጡት መካከል ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ፓራሲታሞልና አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ይገኛሉ። ከንፈር ላይ፣ እጅ ላይ፣ ጀርባና ሆድ ላይ፣ አንዳንዴም ብልት አካባቢ ይወጣል። ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ባልና ሚስት ያለ ጥፋታቸው እንዲጠራጠሩ ሊያደርግ የሚችል ቦታ ነውና።

ሐኪሟን ሁለት ነገር ጠየቅኳት። አንደኛው፦ «ልጅ ሆኜ ብሩፌን ስወስድ ምንም አልሆንም ነበር። ለምን አሁን?» የሚል ነው። ሰውነት ለዓመታት የለመደውን መድኃኒት አንድ ቀን ሊጠላ ይችላል አለችኝ። ሁለተኛው፦ «እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጊዜ ልሞክረው?» የሚል ነው። እኛ መሐንዲሶች ስህተቱን ደግመን ካላየነው አናምንም። «በፍጹም!» አለችኝ። በተደጋገመ ቁጥር ሽፍታው ወደ ሌላ ቦታ ሊዛመትና ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ኢቡፕሮፌንን አቆምኩ፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነውን ናፕሮክሲንንም ሳልጠይቅ እንዳልወስድ ነገረችኝ። በሕክምና መዝገቤ ላይም ጻፈችው።

በእኛ ቆዳ ላይ ምን ይመስላል?

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ቀይ ሽፍታ» የሚል ታገኛላችሁ፤ ፎቶዎቹም ብዙ ጊዜ የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ ላይታይ ይችላል። ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ከሌላው ቆዳ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፈልጉ። ይሞቃል? አብጧል? ያሳክካል? ያቃጥላል? ብላችሁ ጠይቁ።

ሽፍታው ሲድን የሚቀረው ጥቁረት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ይጎላል። መድኃኒቱ በተመለሰ ቁጥር ይበልጥ ይጠቁራል፤ መድኃኒቱ ከቀረ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ለማንጣት ብላችሁ ከሰው የተሰጣችሁን ክሬም አትቀቡ። ክሬሙ ራሱ ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

የሚቀባም መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቁስል ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ኒዮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አላቸው። አንዳንድ ሰው ለእሱ አለርጂ ነው። ቁስሉ በመዳን ፈንታ ያሳክካል፣ ያብጣል። ሰውየው ቁስሉ የባሰበት መስሎት ጨምሮ ይቀባል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለጡንቻ ሕመም የሚቀባ ኬቶፕሮፌን የሚባል ጄል አለ። ጄሉ የተቀባበት ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቦታው መሸፈን አለበት፤ መቀባት ካቆሙም በኋላ ለ2 ሳምንት እንደተሸፈነ ይቆያል።

የማይጠበቅበት ጊዜ

የእኔ ቀላሉ ነው። አንዳንድ ምልክት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ፊት፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያውኑ አምቡላንስ ጥሩ። ከሽፍታ ጋር ትኩሳት ከመጣ፣ ቆዳው በጣም ካመመ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍ ውስጥ፣ ዓይን ላይ ወይም ብልት ላይ ቁስል ከወጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የሚባለው ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው በ1922 ሁለት ታማሚ ልጆችን አይተው ከጻፉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው።

የድንገተኛ ስልክ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው። አምቡላንስ በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 997 ነው።

ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እጅግ ብዙ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ምንም ችግር ይወስዳል። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 አሴታሚኖፌን እንኳ በጣም አልፎ አልፎ ከባድ የቆዳ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠንቅቋል። ሁሉም ቤት ውስጥ ያለ መሆኑ መድኃኒት ከመሆን አያወጣውም።

ስትተረጉሙ

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን ሐኪም ቤት አጅባችሁ ሄዳችሁ እንደምትተረጉሙ አውቃለሁ። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት ሲጠይቅ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብላችሁ ብቻ ከተረጎማችሁ እናታችሁ እንደኔ «አልወስድም» ልትል ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄውን ዘርዝሩት፦

«እማዬ፣ ለራስ ምታት የምትወስጂው ነገር አለ? ለወገብሽስ? ለጉንፋን? ለእንቅልፍ? የምትቀቢው ቅባት አለ? ሰው የሰጠሽ ኪኒን አለ? ከአገር ቤት የመጣ ቅጠልስ?»

አያታችሁን ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ከሆነ የምትጠይቁት «የሚወስዱት ነገር አለ? የሚቀቡትስ?» በሉ። ሳትቆጡ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ሰው የሚፈረድበት ከመሰለው ይደብቃል።

ሽፍታ ከወጣም ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ካርቶኑን አትጣሉ። ከሱቅ የገዛችሁትን ማስታገሻ አቁማችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።

የእናቴ መሳቢያ

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እንደማንኛችንም ሻንጣዬ ውስጥ መድኃኒት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ «ከአሜሪካ የመጣ» ይወዳል። እናቴ የማታ መሳቢያዋን ከፈተች። አንድ የቡና ብርጭቆ ውስጥ ኪኒኖች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ባለፉት ዓመታት እኔ ራሴ የላክኋቸው ናቸው። ቦታ እንዳይይዙ ብላ ከብልቃጣቸው አውጥታቸዋለች።

«ነጩ የራስ ነው፣ ቡናማው የወገብ» አለችኝ።

«ይሄኛው ነጭስ?»

ዝም አለች። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ያንቺ ምች እዚህ ውስጥ ነው ያለችው?»

«ትኖራለች እማዬ።»

አብረን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍናቸው። ስማቸውን ያላወቅናቸውን ሰብስበን በማግስቱ መድኃኒት ቤት ወስደን እንዴት እንደሚወገዱ ጠየቅን። አዲሶቹን ከነካርቶናቸው አስቀመጥን። በፕላስተር ላይ በትልልቁ በአማርኛ ጻፍኩ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል። በአንደኛው ካርቶን ላይ እናቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ለልጄ አይሰጥም።»

በዚህ ሳምንት እናንተም የቤታችሁን መሳቢያ ክፈቱ። ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ የሦስት ኪኒኖችን ንጥረ ነገር ፈልጋችሁ በአማርኛ ፊደል ጻፉ። ስንቶቹ አንድ እንደሆኑ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ሳምንት ሰው ይበለን!

የሳምንቱ ቃላት

ሽፍታ፦ ቆዳ ላይ በብዛት ወይም በክብ የሚወጣ ነገር።
ማሳከክ፦ ቆዳን እከኩኝ እከኩኝ የሚል ስሜት።
ውሃ መቋጠር፦ ቆዳ አብጦ ከሥሩ ውሃ ሲይዝ።
ማስታገሻ፦ ሕመምን የሚቀንስ መድኃኒት።
ማዘዣ፦ ሐኪም መድኃኒት እንዲሰጥ የሚጽፈው ወረቀት።
ንጥረ ነገር፦ በመድኃኒቱ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ነገር።